የእትዬ ጸጥታ ፍላሽ

እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት የጡረታ መሥሪያ ቤቱና ባሏ ብቻ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት የንባብ አዳራሽ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ወንበር ሲጎተት፣ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ፣ ሰው ደጋግሞ ሲያስነጥስ "ጸጥታ!" ስትል ኖረች። ቃሉ ከአፏ ወጥቶ መልሶ እላይዋ ላይ ተለጠፈና እትዬ ጸጥታ ሆና ቀረች።

ባሏ ደግሞ ሃያ ስምንት ዓመት እሳት አደጋ የሠራ ሰው ነው። በሚነድ ቤት ውስጥ ለባልደረባ መጮህ የለመደ ጉሮሮ ጡረታ ወጥቶም አልበረደለትም። ጨው አቀብዪኝ ሲል ጎረቤት ጨው ይዞ ይመጣል። ሳይረን ይሉታል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ሠላሳ ስድስት ዓመት እንዴት በአንድ ጣሪያ ሥር እንደኖሩ ለሰፈሩ ሰው እንቆቅልሽ ነው። እሷ ግን ስትጠየቅ፣ "ከሥራ ስመለስ ጆሮዬን ይርበው ነበር" ትላለች።

ጡረታ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መሄዷን አልተወችም። ጋዜጣ ላነብ ነው ትላለች እንጂ፣ መደርደሪያ ላይ ተዘቅዝቆ የቆመ መጽሐፍ ካየች ሳታቃና አታልፍም። አንድ ሰኞ ታዲያ እንደ ልማዷ ስትገባ፣ በአዳራሹ ጀርባ በተደረደሩት ዘጠኝ ኮምፒውተሮች ግንባር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አየች። "ስላረጁ ይወገዳሉ። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት መኪና ይመጣል" ይላል። ከሥሩ ክብ ማኅተም አርፎበታል።

ማኅተሙን ስታይ የማን ሥራ እንደሆነ ወዲያው ገባት። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ በእሷ እጅ ሥራ የለመደ፣ ትሑትና ንጹሕ ሰው ነው። አንዲት አመል ብቻ አለችበት፤ ማኅተም ያላረፈበት ነገር እውነት አይመስለውም። ሠራተኞቹም ስሙን ማኅተም ብለውታል። ቢሮው ድረስ ሄደች።

"ምን ሆነው ነው የሚጣሉት?"

"አርጅተዋል እትዬ።"

"እኔስ?"

"እርስዎማ…" ማኅተም ጉሮሮውን ጠረገ። "እርስዎ ጡረታ ነው የወጡት።"

"መኪናው ስላልመጣልኝ ነው?"

ማኅተም ላብ ላብ እያለው አስረዳት። ማሽኖቹ እንኳ ደህና ናቸው። ችግሩ ውስጣቸው ያለው ዋናው ፕሮግራም ነው፤ ባለሙያዎቹ ሲስተም የሚሉት፣ ኮምፒውተሩን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ሥራ የሚያሠራው። የእነዚህኛዎቹ ሲስተም ጊዜው አልፎበት ጠጋኝ የለውም፤ አዲሱ ደግሞ እንዲህ ያለ አሮጌ ማሽን ላይ አልጫንም ይላል። ግማሹ የኢንተርኔት ገጽ አይከፈት፣ የተከፈተውም እስኪያልቅ ሰው ያንቀላፋል።

"አዲስ መቼ ይመጣል?"

"በእቅድ ተይዟል።"

ጸጥታ በእቅድ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። የመጸዳጃ ቤቱ በር መወርወሪያ በእቅድ የተያዘው እሷ ገና ጸጉሯ ሳይሸብት ነበር። እስከ ዛሬ የገባ ሰው በአንድ እግሩ በሩን ገፍቶ ነው የሚቀመጠው።

ስትወጣ ስድስተኛው ኮምፒውተር ላይ ጸጉር አስተካካዩ ተቀምጦ አየችው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት አንድ ሰዓት እዚህ እየመጣ፣ በአንድ ጣቱ የሕይወት ታሪኩን ይጽፋል። በሦስት ዓመት ዐሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ደርሷል። ግንባሩ ፊት የተለጠፈውን ወረቀት በትህትና በሌላኛው እጁ ገለል አድርጎ ይዞ፣ አንዲት ፊደል ፍለጋ ኪቦርዱን ያስሳል። ሲያያት ቀና ብሎ፣ "እትዬ፣ ገና ጋብቻዬ ላይ አልደረስኩም" አላት።

ቦርሳዋን አንስታ ቀጥታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቤቷ እንደገባች ልጇ ዘንድ ደወለች። ልጇ ሌላ ከተማ ያለች የመድኃኒት ባለሙያ ናት፤ ሁሉን ነገር እንደ መድኃኒት ትእዛዝ አድርጋ ነው የምትናገረው።

"እማዬ፣ መድኃኒት አለው። ሊኑክስ የሚባል ሲስተም አለ። በነጻ ነው፤ ለአሮጌ ማሽን የሚስማማ ቀለል ያለ ዓይነትም አለው። ከኢንተርኔት ታወርጂዋለሽ፣ ፍላሽ ላይ ትጭኚዋለሽ፣ ፍላሹን እየሰካሽ አንድ በአንድ። ከምግብ በኋላም ይሁን በፊት ለውጥ የለውም።"

"በምን ላወርደው? ቤት ያለው ያንቺ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። እሱ ደግሞ ዘሩ ሌላ ነው፤ ሲስተሙም ከእነዚያ አይገጥምም።"

"ይሁን። በአንዱ ዘር ኮምፒውተር ለሌላው ዘር ፍላሽ ማዘጋጀት ይቻላል።"

ጸጥታ በሳይረን ስልክ ኢንተርኔት ተጋርታ ማውረድ ጀመረች። ፋይሉ ትልቅ ነበር። እስኪወርድ ድረስ ባሏ ስልኩን እንዳይነካ ታዘዘ። እሱም ስልኩ ዳር ወንበር ስቦ፣ ሕመምተኛ እንደሚጠብቅ ሰው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተቀመጠ። ሁለት ሰው ደወለ፤ ሁለቱንም ሳያነሳ ከመስኮት ሆኖ አነጋገራቸው። ጎረቤት ነበሩ።

ማክሰኞ ጠዋት ፋይሉን ቦርሳዋ ውስጥ በምትይዛት ፍላሽ ላይ ገለበጠችውና ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ከነፈች። አንደኛው ኮምፒውተር ላይ ሰካች፣ አስነሳች። ኮምፒውተሩ አቃሰተ፣ ተንፈራገጠ፣ ያው የድሮው ገጽ መጣ። አጥፍታ አስነሳች። ያው። ማኅተም ከበሩ ብቅ ብሎ በጨዋ ደንብ "እንዴት ነው?" አለ። ጨዋነቱ ይበልጥ አበገናት። ቤቷ ተመልሳ ልጇ ዘንድ ደወለች።

"ቡት አላደረገም!" አለች በስልክ።

ሳይረን ከማዕድ ቤት፣ "ታዲያ ምን አድርጎ ነው የመጣው? ሸራ ጫማ?" ሲል ጠየቀ።

"ኮምፒውተሩን ነው! ከፍላሹ አልነሳም ብሎኝ ነው!"

ልጇ ስቃ ስትጨርስ ነገሩን አፍታታችላት። ፋይሉን እንደ ደብዳቤ ገልብጦ ማስቀመጥ አይበቃም። ፍላሹን ራሱን ማስነሻ እንዲሆን አድርጎ የሚጽፍ ፕሮግራም አለ። መመሪያውን እልክልሻለሁ አለቻት፤ ላከችም። መመሪያውን ማን እንደተረጎመው አይታወቅም፤ የተረጎመው ሰው ግን ለአማርኛም ለእሳትም ግድ የሌለው መሆን አለበት። ጸጥታ መነጽሯን አስተካክላ ጮክ ብላ አነበበች።

"ምስሉን ይምረጡ። ከዚያም ምስሉን ፍላሹ ላይ ያቃጥሉ።"

ማዕድ ቤት ውስጥ ሰሃን ማጠቡ ቀጥ አለ።

"የማንን ምስል ነው የምታቃጥዪው?" አለ ሳይረን እጁ አረፋ እንደሆነ በሩ ላይ ቆሞ።

"የማንንም አይደለም። ፋይሉን ምስል ይሉታል። መጻፉን ደግሞ ማቃጠል ይሉታል።"

"ለምን?"

"እኔ ምን አውቄ! እንዲህ ነው የሚሉት።"

"ፍላሽ ላስቲክ ነው" አለ ሳይረን። ድምፁ ሥራ ላይ እንደነበረ ጊዜ ሆነ። "ላስቲክ ሲነድ ጭሱ መርዝ ነው። መስኮት ክፈቺ።"

"አንተ ሰው፣ እሳት የለበትም እኮ ነው የምልህ!"

መስኮቱን ራሱ ከፈተው። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥቶ አንድ ባልዲ አሸዋ ይዞ ገባና ከጠረጴዛው ሥር አኖረ። አጠገቡም አንድ ማሰሮ ውሃ። ጸጥታ ዐይኗን ጣሪያ ላይ ሰቅላ መለሰችና ሥራዋን ጀመረች። ፕሮግራሙ መቶኛ እየቆጠረ መሄድ ጀመረ። ዐሥር። ሃያ። ሳይረን ከጀርባዋ ቆሞ ይተነፍሳል። ሠላሳ አምስት ላይ ጣቱን ሰደድ አድርጎ ፍላሹን ነካ።

"ግሏል!"

"ይግላል፤ ሲሠራ ይግላል፤ ስትሠራ አንተም ትግላ…"

አልጨረሰችም። ሃያ ስምንት ዓመት የሠለጠነ እጅ ባለቤቱን አያማክርም። ሳይረን ፍላሹን ከላፕቶፑ መንጭቆ አሸዋው ውስጥ ቀበረው፣ በእጁ ደመደመው፣ ለጥንቃቄ ደግሞ ማሰሮውን ሙሉ ውሃ ከላዩ ለቀቀበት። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "ጠፍቷል" አለ።

"አዎ" አለች ጸጥታ በጣም ቀስ ብላ። "ጠፍቷል።"

ፍላሹ ሲወጣ ጭቃ የበላ ጥርስ መስሎ ነበር። ጠረጉት፣ ነፉት፣ ፀሐይ ላይ አሰጡት። አልነሳም። ሳይረንን አላናገረችውም እንጂ ብትናገረው ይሻለው ነበር፤ የእሷ ዝምታ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ እሱ ነው። ትንሽ ቆይቶ ወደ መኝታ ቤት ገባ፣ መሳቢያ ሲጎትት ተሰማ፤ ከሙቀት መለኪያ፣ ከክር ጥቅልና ከቁልፍ ጋጋታ መካከል አንዲት ሰማያዊ ፍላሽ አግኝቶ መጣ።

"ይችውልሽ። ባዶ ናት።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት" አለ፤ እንደዚህ ያለ መልስ ለምን እርግጠኝነት እንደሚመስል እሱም አያውቅም።

ጸጥታ በሥራ ዘመኗ ገልጣ ሳታይ አንድም ገጽ ጥላ አታውቅም። ያን ቀን ግን ንዴት ላይ ነበረች፣ ሰዓቱም ይሄዳል። ሳትከፍት ሰካቻት። ፕሮግራሙ የትኛው ዲስክ ላይ ልጻፍ ብሎ ጠየቀ። ሁለት ስም አወጣ፤ አንደኛው አምስት መቶ ይላል፣ ሁለተኛው ስምንት። ጸጥታ ትልቁ ይሻላል ብላ ልትጫን ስትል ሳይረን ክንዷን ያዘ።

"አምስት መቶው ምንድን ነው?"

አየችው። ላፕቶፑ ራሱ ነበር። ብትጫነው የልጇ የተማሪነት ፎቶዎች፣ የእሷ የመጻሕፍት ዝርዝር፣ ሁሉም አፈር ይበላ ነበር። ስምንቱን መረጠች። ፕሮግራሙ፣ "በዚህ ላይ ያለው ሁሉ ለዘለዓለም ይጠፋል። እርግጠኛ ነዎት?" አላት። በሠላሳ ስድስት ዓመት ትዳር እንዲህ በአክብሮት እርግጠኛ መሆን አለመሆኗን የጠየቃት አልነበረም። አዎ አለች። ሳይረን ባልዲውን በራሱ ፈቃድ ወደ ጓሮ መለሰ። መቶ ሞላ።

ደስ ብሏቸው ሻይ ቀረበ። ሳይረን ግን መሳቢያውን ሊዘጋ ገብቶ ሳይመለስ ቆየ። ሲመጣ በእጁ ትንሽ ፖስታ ይዟል፤ ድምፁ ደግሞ ጠፍቷል። ጸጥታን ያስደነገጣት ፖስታው ሳይሆን ድምፁ ነው። በሹክሹክታ ሲናገር ሰምታው አታውቅም።

"ፍላሿ ከዚህ ውስጥ ነው የወደቀችው።"

ፖስታው ላይ በትልልቅ ፊደል፣ "የስንብት ንግግሬ። እንዳይጠፋ!" ተብሎ ተጽፏል።

ፖስታውን እንዲያስቀምጥላቸው የሰጡት የሳይረን ታላቅ እህት ናቸው፤ በቤተሰቡ እታለም ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት ርእሰ መምህርት የነበሩ፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲገቡ ሰው ሳያውቀው የሚነሳላቸው ሴት ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ያደረጉት ንግግር ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ፈጅቷል። ተቀርጿል። የተቀረጸውን ዘመድ ሁሉ በያለበት ተቀምጦ አይቶታል፤ ጸጥታ አራት ጊዜ አይታዋለች። አርባኛው ደቂቃ ላይ ከኋላ ወንበር የተኛ ሰው ከነወንበሩ ሲወድቅ ይታያል፤ ቤተሰቡ ጥርሱን ነክሶ የሚጠብቀው ያንን ነው። የቀረጸው ሰው የራሱን ቅጂ ካጠፋ ቆይቷል። ሌላ የለም።

"ምን እንበላቸው?" አለች ጸጥታ።

"እሳት ተነሳ ብንልስ?"

"አንተ እያለህ?"

ሳይረን አሰበና ራሱን ነቀነቀ። እውነቱን ከመናገር ሌላ መውጫ አልነበረም።

ረቡዕ ጠዋት ሳይረን እህቱ ዘንድ ሲደውል ጸጥታ አጠገቡ መቆም አልፈለገችም። ፍላሿን ይዛ ቀድማ ወጣች። እሱ የደረሰባት አዳራሹ በር ላይ ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ምን አሉ?"

"'የት ነው ያላችሁት?' ብላ ዘጋችው።"

በዚህ ሁኔታ ነው እንግዲህ ሥራ የጀመሩት። ፍላሿ ተሰካች። ኮምፒውተሩ ግን አሁንም በድሮው ገጽ ተነሳ። ልጇ በስልክ፣ ሲነሳ አንዲት ቁልፍ መጫን እንዳለባት ነገረቻት፤ የአምራቹ ምልክት ብልጭ ሲል፣ ሳይቀድሙ ሳይዘገዩ። ጸጥታ ሞከረች፤ ዘገየች። ሞከረች፤ ቀደመች። ስድስት ጊዜ አጠፋች፣ ስድስት ጊዜ አስነሳች። ጸጉር አስተካካዩ ከስድስተኛው ኮምፒውተር ሆኖ በየሙከራው ከንፈሩን ይመጥጣል። በሰባተኛው ላይ ሳይረን፣ "ተነሺልኝ" አላት።

ተቀመጠ። ሁለት እጁን አፍታታ። ያ ሰው ደወል በተደወለ በአርባ ሰከንድ ውስጥ ከአልጋው ወጥቶ መኪና ላይ ይገኝ የነበረ ነው። ምልክቱ ብልጭ ከማለቱ የሳይረን ጣት ቁልፉ ላይ አርፋ ነበር። ጥቁር ገጽ ላይ ዝርዝር ወጣ። ፍላሿ ሁለተኛው መስመር ላይ ስሟ ተጽፏል። መረጣት። ትንሽ ቆይቶ አዲስ ሰማያዊ ገጽ፣ አዲስ ፊደል፣ "እንኳን ደህና መጡ።"

"ገባን!" አለ ሳይረን። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዘለለ።

ማኅተም እየሮጠ መጣ። ገጹ ላይ "ዲስኩ ይጥፋ?" የሚለውን ጥያቄ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

"እትዬ፣ ይሄ የመንግሥት ንብረት ነው። እንዴት እንዲሁ ይጠፋል?"

"ነገ በመኪና ጭነህ ልትጥለው አይደለም እንዴ?"

"መጣሉ ደብዳቤ አለው። መጥፋቱ ግን ደብዳቤ የለውም።"

ጸጥታ አልተከራከረችም። ወረቀት ተቀበለች፤ በዚያ በተስተካከለ የካታሎግ ጽሕፈቷ፣ የሚወገዱት ኮምፒውተሮች ከመወገዳቸው በፊት ውስጣቸው እንዲጸዳ በትህትና የሚጠይቅ ሦስት መስመር ጻፈች። ማኅተም አነበበው። ሁለተኛ አነበበው። "ከመወገዳቸው በፊት" የሚለው ሐረግ ሕሊናውን አሳረፈለት። ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ እፍ አለበትና አሳረፈው።

ጸጥታ ጣቷን አነሳች። ልትጫን ስትል ቆመች። ትናንት ሳታይ ያጠፋችው ፍላሽ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። እዚህ ማሽን ላይስ የማን ምን አለ?

"አንድ ጊዜ" አለች። "መጀመሪያ ይፈተሽ።"

ማኅተም ከቁልፉ ጋር አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለውን የቢሮ ፍላሽ፣ ደረሰኝ አስፈርሞ፣ አዋሳት። ዘጠኙንም ኮምፒውተር አንድ በአንድ ከፈተች። የሥራ ማመልከቻ፣ የማመልከቻ እርማት፣ የእርማቱ እርማት። የልጆች ሥዕል። ሦስተኛው ላይ "ማንም እንዳይከፍተው" የሚል ስም ያለው ፋይል አገኘች፤ ሳትከፍት ገለበጠችው። ሳይረን፣ "ትንሽ ብናየው?" ሲል በመነጽሯ ላይ አሻግራ አየችው፤ ተወው። ስድስተኛው ላይ ጸጉር አስተካካዩ ዐሥራ አራት ገጹን ሲያስረክባት ተነስቶ ነው የቆመው። ሦስት ጊዜ ጠየቃት፤ ሦስት ጊዜ ከፍታ አሳየችው።

ከዚያ አንደኛው ኮምፒውተር ዘንድ ተመልሳ ተጫነች። መስመሩ ቀስ እያለ መሙላት ጀመረ። እታለም የገቡት ያኔ ነው።

ቦርሳቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ጫማቸው ወለሉን እየቀጠቀጠ መጥተው ከፊቷ ቆሙ። ጸጉር አስተካካዩ ምን እንደተፈጠረ ሳያውቅ ከወንበሩ ተነሳ። ማኅተምም ተነሳ።

"ያለ እሱ ሌላ የለኝም" አሉ እታለም።

"አውቃለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከፍቼ ማየት ነበረብኝ።"

"እኔ ነኝ ባዶ ናት ያልኳት!" አለ ሳይረን።

"አንተ ዝም በል፣ አጠገብህ ነኝ።" እታለም ወደ ገጹ አዩ። "ንግግሬን አጥፍታችሁ የጫናችሁት ይሄንን ነው?"

"ይሄንን ነው።"

"ምን ያህል ይቆያል?"

"ሃያ ደቂቃ ያህል።"

እታለም ቦርሳቸውን ጠረጴዛ ላይ አኖሩ። "እንግዲያው ተቀመጡ" አሉ። "እንደገና እናገረዋለሁ።"

የንባብ አዳራሽ ውስጥ! ጸጥታ አፏን ከፈተች፤ የሠላሳ አንድ ዓመቱ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ። ዋጠችው። ተቀመጠች። ሳይረን ተቀመጠ፣ ማኅተም ተቀመጠ፣ ጸጉር አስተካካዩ ወንበሩን አዙሮ ተቀመጠ።

"ክቡራን እንግዶች" ብለው ጀመሩ እታለም። ከዚያ አዳራሹን ቃኙ። እንግዶቹ አራት ሰዎችና ዘጠኝ ኮምፒውተሮች ነበሩ። የምስጋናውን ዝርዝር ሊጀምሩ አፋቸውን አሞጥሙጠው፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ተወካይ ስም ጠፋቸው። ቦርሳቸውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ። ድምፃቸው ሲመለስ ዝግ ብሎ ነበር።

"እውነቱን ልንገራችሁ? ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ፊት ከመቆሜ በፊት ጠመኔ የሚቀመጥበት ክፍል ገብቼ አምስት ደቂቃ እደበቅ ነበር። ሠላሳ ዓመት። እግሬ ይንቀጠቀጥብኛል። አንድ ቀን ጥበቃው በሩን ከውጭ ቆለፈብኝ፤ መጮህ አፈርኩ። ሰልፉን ያካሄደው የስፖርት መምህሩ ነው፤ እኔ ስብሰባ ሄዳለች ተባልኩ። ጥበቃውም ሲከፍትልኝ ምንም አልጠየቀኝም። 'ጠመኔው በቃዎት?' ብቻ ነው ያለኝ።"

ሳይረን ወንበሩን ወደፊት ሳበ። እህቱ የምትፈራው ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለውም ነበር።

እታለም ቀጠሉ። የጥበቃውን ስም ጠሩ፤ በሃምሳ ሁለቱ ደቂቃ ውስጥ አንድም ጊዜ ያልተጠራ ስም። ውጤቷን አሳስተው ያሳለፏትን ተማሪ አነሱ፤ ስህተታቸውን በነጋታው ደርሰውበት ዝም እንዳሉ፣ ልጅቷም በኋላ ከሁሉ የተሻለች ሆና እንደተመረቀች ተናገሩ። "ያን ቀን ንግግሩን ያስረዘምኩት" አሉ በመጨረሻ፣ "ስጨርስ ወደ ቤት መሄድ ስለነበረብኝ ነው።"

ኮምፒውተሩ ጭርር አለ። ተጭኖ አልቋል። ዐሥራ ዘጠኝ ደቂቃ።

መጀመሪያ ያጨበጨበው ጸጉር አስተካካዩ ነው። ጸጥታ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። በሠላሳ ስድስት ዓመት ከባሏ እህት ጋር በጨዋ ደንብ ኖራለች፤ የወደደቻቸው ግን ያን ቀን ነው። እታለም ቦርሳቸውን አነሱና፣ "ማንም አልቀረጸም አይደል?" አሉ።

"ማንም" አለ ማኅተም።

"ጥሩ። የሚቀጥለውን የት ነው የምትሰኩት?"

የቀረውን እለቱንና በማግስቱ ጠዋት ጨረሱት። ሳይረን ቁልፍ ይጫናል፣ ጸጥታ ትመርጣለች፣ እታለም ደግሞ ማንም ሳይሾማቸው ሰዓት ይዘው፣ "አራተኛ፣ ወዴት ነው የምትዘገየው?" እያሉ ማሽኖቹን ይቆጣሉ። ማሽኖቹ ተገሥጸው ይሁን አይሁን አይታወቅም፣ ስምንቱ ሠሩ። ዘጠነኛው ግን ሳይረን ቢጫነው፣ እታለም ቢቆጡት፣ ጸጥታ ብትለምነው ፍላሿን ሊያያት እንኳ አልፈለገም። ማኅተም ለስምንቱ የመወገድ ደብዳቤውን የሚሽር ሌላ ደብዳቤ ጻፈ፤ የመሻሪያውን ማረጋገጫም ለብቻው ጻፈ፤ በሁለቱም ላይ ማኅተም አሳረፈ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጣው ባለመኪና ዘጠኝ ተብሎ አንድ ሲያገኝ፣ "ለዚህ ነው ተሳቢ ያስጎተታችሁኝ?" ብሎ ኮምፒውተሩን ጋቢና ውስጥ አጠገቡ አስቀምጦ ሄደ።

ወሬ እግር አለው። ወር ሳይሞላ ከከተማው ወዲያ ማዶ ያለ አንድ ቤተ መጻሕፍት ስልክ ደወለ። ስልኩን ያነሳው ሳይረን ነው።

"የኮምፒውተር ባለሙያዋን ፈልገን ነበር" አለ የደወለው ሰው።

"ባለሙያዋ ምሳ ላይ ናት!" አለ ሳይረን፤ ደዋዩ ስልኩን ከጆሮው ሳያርቅ አልቀረም። "ስንት ማሽን ነው?"

"ዐሥራ ሁለት።"

ሳይረን ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ ወደ ሚስቱ ዞረ። ጸጥታ ጉርሻዋን ሳትውጥ በጣቶቿ ቆጠረች። የዐሥራ ሁለት ማሽን ሰነድ ማዳን አንድ ቀን፣ መጫን ሁለት ቀን።

"ቅዳሜ እንመጣለን በላቸው" አለች። "እስከዚያ ማንም ምንም እንዳይነካ። እታለምንም ይዘን እንደምንመጣ ንገራቸው፤ ወንበር ያዘጋጁ።"

ቅዳሜ ማለዳ ሦስቱም አውቶቡስ ላይ ነበሩ። እታለም መስኮቱ ዳር፣ ሳይረን መተላለፊያው ዳር፣ ጸጥታ መካከል፤ ላፕቶፑ ጭኗ ላይ። ሳይረን ለሾፌሩ የሚወርዱበትን ነገረው፤ አውቶቡሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉም አወቀው። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ፣ "ኮምፒውተር ነው የምትሠሩት? የኔ ቤት አንድ አሮጌ አለ፤ ልጣለው ስል…" አለቻቸው።

ጸጥታ ዘወር አለችና፣ "ውስጡ ምን አለ?" ብላ ጠየቀቻት።